እከክ፦ ስሙ አንድ፣ መንስኤው ብዙ የሆነው የእንስሳት ቆዳ ጠንቅ

በጣና ሐይቅ ዙሪያ ለሚኖረው አርሶ አደር በግና ፍየል በቅርብ የሚገኙ ተቀማጭ ሀብቶች ናቸው። ማዳበሪያ ሲገዛ፣ የልጆች የትምህርት ወጪ ሲመጣ፣ ከቤተሰብ አባል አንዱ ሲታመም በቅድሚያ ወደ ገበያ የሚነዳው በግ ወይም ፍየል ነው። በዓመት በዓል የታረደው በግ ደግሞ ሥጋው ለቤተሰብ፣ ቆዳው ለገበያ ይውላል።

በዚህ የቆዳ ገበያ ላይ ሻጭና ገዥን ብዙ ጊዜ የሚያወዛግብ አንድ ቃል አለ፤ እከክ። ነጋዴው ቆዳው እከክ አለበት ብሎ ዋጋ ይቀንሳል። አርሶ አደሩ በበኩሉ በጉ ሲያክከው አላየም፤ ጠጉሩም አልረገፈም፤ በመሆኑም ነጋዴው ያለ አግባብ ዋጋ እንደሰበረበት ያስባል። ሁለቱም ግን እውነት ሊኖራቸው ይችላል። የእንስሳት ሐኪሙ እከክ የሚለው፣ የቆዳ ፋብሪካው እከክ የሚለውና የጤና ጣቢያው እከክ የሚለው አንድ ነገር አይደለምና። ይህን ለይቶ አለማወቅ እንስሳቱ የተሳሳተ ሕክምና እንዲያገኙ፣ አርሶ አደሩም ከቆዳው የሚያገኘው ገቢ እንዲቀንስ ምክንያት ሆኖ ቆይቷል።

የስሙ አመጣጥ

እከክ የሚለው ስም አከከ ከሚለው ግሥ የተገኘ ነው። በግዕዝ ሐከከ የሚል አቻ ያለው ይህ ግሥ መፋቅን፣ መቧጠጥን ያመለክታል። በመሆኑም አማርኛው በሽታውን የሰየመው በሚታየው ምልክት እንጂ በመንስኤው አይደለም። በሽታውን በዚህ መልክ የሰየሙት አማርኛ ተናጋሪዎች ብቻ አይደሉም። በሕክምናው ዓለም የሰውን እከክ ለማመልከት የሚያገለግለው ስካቢስ የሚለው የላቲን ቃልም ማከክ የሚል ትርጉም ካለው ግሥ የወጣ ነው። የእንስሳቱ እከክ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ሜንጅ የሚለው ስም ግን መብላት ከሚል የፈረንሳይኛ ግሥ የመጣ ነው፤ ቆዳን የሚበላ በሽታ እንደማለት ነው።

በአገራችን ሰዎች እርስ በርስ ሲጠቃቀሙ እከክልኝ ልከክልህ ይባላል። አባባሉ እጅ የማይደርስበትን ጀርባ ከሚያሳክክ ስሜት የተወሰደ ነው። በግና ፍየል ግን የሚያክላቸው የላቸውም፤ ከአጥር፣ ከግንድና ከድንጋይ ጋር ይታከካሉ። የታከኩበት ግንድም በሽታውን ለሚቀጥለው እንስሳ ያስተላልፋል።

ስሙ ከምልክቱ በመነሣቱ የሚያሳክክና ቆዳን የሚያሻክር ሕመም ሁሉ በአንድ ቃል ይጠራል። በዚህም የተነሣ በማይቶች የሚመጣው እውነተኛው እከክ፣ በቅማል የሚመጣው ጉዳት፣ የፈንገስ በሽታ የሆነው ጭርት፣ አንዳንዴም በባክቴሪያ የሚመጣ የቆዳ ቁስል በገጠሩ አካባቢ እከክ ሲባሉ ይሰማል።

መንስኤው ምንድን ነው?

የእውነተኛው እከክ መንስኤ በእንግሊዝኛው አጠራር ማይት የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ተባዮች ናቸው። እነዚህ ተባዮች ለአካለ መጠን ሲደርሱ ስምንት እግር አላቸው፤ በመሆኑም ከነፍሳት ወገን ሳይሆኑ ከመዥገርና ከሸረሪት ጋር ይዛመዳሉ። አብዛኞቹ ርዝመታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ በመሆኑ ያለ አጉሊ መነፅር እነርሱን መለየት አዳጋች ነው።

በሽታውና ተባዩ ያላቸው ግንኙነት በግልጽ ተጽፎ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1687 ነው። ጆቫኒ ኮሲሞ ቦኖሞና ዲያቺንቶ ቼስቶኒ የተባሉ ሁለት ጣሊያናውያን ተባዩን ከእከክ ቁስል አውጥተው በአጉሊ መነፅር ከተመለከቱ በኋላ ግኝታቸውን ለዘመኑ ታዋቂ ሊቅ ለፍራንቼስኮ ሬዲ በደብዳቤ አሳወቁ። ይሁን እንጂ እከክ ከደም መበላሸት የሚመጣ ነው የሚለው የቆየ እምነት በቀላሉ አልተሻረም። እ.ኤ.አ. በ1834 ሬኑቺ የተባለ የኮርሲካ ተወላጅ የሕክምና ተማሪ በፓሪስ በሐኪሞች ፊት ተባዩን በመርፌ ጫፍ ነቅሶ እስኪያሳይ ድረስ ክርክሩ ቀጥሎ ነበር።

በእንስሳት ላይ እከክ የሚያስከትሉት ማይቶች በዋናነት አራት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ሳርኮፕተስ ነው። ስሙ በግሪክኛ ሥጋ ቆራጭ እንደማለት ሲሆን እንስቷ የቆዳውን የላይኛውን ንጣፍ ሰርስራ ጠባብ ቦይ በመሥራት በዚያ ውስጥ በቀን ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላል ተነሥቶ ለአካለ መጠን እስኪደርስ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይበቃዋል። በፍየል ላይ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአፍንጫ፣ ከከንፈር፣ ከዓይን ዙሪያና ከጆሮ ነው። ቆዳው ይወፍራል፤ ይሸበሸባል፤ ቅርፊት ያወጣል። የታመመችው ፍየል በማከክ ስለምትጠመድ ግጦሽ ትተዋለች፤ ትከሳለች፤ ወተቷ ይቀንሳል፤ ሕክምና ካላገኘችም ልትሞት ትችላለች። በቆላማ አካባቢዎች ግመልን ክፉኛ የሚያጠቃውም ይኸው ተባይ ነው።

ሁለተኛው ሶሮፕተስ የሚባለው ነው። ይህ ቆዳውን አይሰረስርም፤ ከቆዳው በላይ እየኖረ ከቁስሉ የሚወጣውን ፈሳሽ ይመገባል። በተለይ ጠጉራቸው የተጠቀጠቀ በጎችን ያጠቃል። በጉ ጎኑንና ጀርባውን ይነክሳል፤ ጠጉሩ ይቀጣጠላል፤ በኋላም እየተነቀለ ይወድቃል። የበሽታው ምልክት የታየበት በግ ጀርባው በእጅ ሲታከክለት ከንፈሩን ማንቀሳቀስና ማላመጥ ይጀምራል፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችም ይህን እንደ አንድ መጠርጠሪያ ይጠቀሙበታል።

ሦስተኛው ኮሪዮፕተስ በዳልጋ ከብት ላይ ብዙ ጊዜ በእግርና በጭራ ሥር ይገኛል፤ ጉዳቱም በአመዛኙ ቀለል ይላል። አራተኛው ዴሞዴክስ ከጠጉር ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ይኖራል። ግልገሎች ከተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከእናታቸው ገላ ጋር ሲነካኩ ይይዛቸዋል። ማሳከኩ እምብዛም ስለሆነ ባለቤቱ ላያስተውለው ይችላል፤ ነገር ግን በቆዳው ላይ በእጅ ሲዳሰሱ የሚታወቁ ትናንሽ እብጠቶችን ይፈጥራል። ቆዳው ሲለፋ እነዚህ እብጠቶች ወደ ቀዳዳነት ይለወጣሉ።

በሐይቁ ዙሪያ በሽታው እንዴት ይዛመታል?

እከክ በዋናነት የሚተላለፈው በንክኪ ነው። የጣና ዙሪያ የአረባብ ሁኔታ ደግሞ ለንክኪ የተመቸ ነው። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው በፎገራ ሜዳ ሲፈስሱ፣ በደንቢያም ሜዳው ውኃ ሲተኛበት እንስሳቱ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች ተሰብስበው በጠባብ ስፍራ ይቆያሉ። በበጋ ሐይቁ ሲሸሽ ደግሞ የየሰፈሩ መንጋ በባሕር ሸሽ መሬት ላይ በወጣው ለምለም ሣር አንድ ላይ ይሰማራል። በሁለቱም ወቅቶች የአንዱ መንጋ ከሌላው ጋር ይገናኛል።

በተጨማሪም በጎችና ፍየሎች ሌሊቱን በጠባብ ጋጣ ወይም በመኖሪያ ቤት ጥግ ተጠጋግተው ያድራሉ። ከገበያ የተገዛ እንስሳ የዕለቱ ዕለት ከመንጋው ጋር መቀላቀሉም የተለመደ ነው። የመኖ እጥረት በሚበረታበት የበጋ ማብቂያ ላይ የእንስሳቱ አቅም ስለሚዳከም በሽታው ይጠናባቸዋል። ማይቶቹ ከእንስሳው ገላ ውጪ ብዙ የመቆየት አቅም ባይኖራቸውም በቀዝቃዛና እርጥበት ባለው ስፍራ ለቀናት ሊቆዩ ስለሚችሉ ጋጣው፣ ገመዱና መታከኪያው ግንድ የመተላለፊያ መንገዶች ይሆናሉ።

የእንስሳቱ ዝርያም ልዩነት ያመጣል። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ የሚታወቀው የዋሸራ በግ ጠጉሩ አጭር ሲሆን፣ በደቡብ ጎንደር ደጋማ ስፍራዎች የሚረባው የፋርጣ በግ ደግሞ ጠጉሩ ረዘም ያለ ነው። የተጠቀጠቀ ጠጉር ለተባዮች ሙቀትና መሸሸጊያ ስለሚሰጥ በደጋው በግ ላይ ልዩ ክትትል ያስፈልጋል። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል የዋሸራ በግንና የፎገራ ከብትን በመሳሰሉ የአካባቢው ዝርያዎች ላይ ምርምር ሲያካሂድ የቆየ ተቋም ነው።

የፋብሪካው እከክ

በቆዳ ኢንዱስትሪው እከክ ሲባል የሚታወቀው ችግር ከዚህ ሁሉ ለየት ይላል። ቃሉ በኢትዮጵያ ቆዳ ፋብሪካዎች ብቻ ሳይወሰን ስለ አገሪቱ ቆዳ በውጭ ቋንቋ በተጻፉ ጥናቶች ውስጥም እንዳለ በአማርኛው ተወስዶ ይገኛል። የሚያመለክተውም ጠጉሩ ከተነሣ በኋላ በበግና በፍየል ቆዳ ላይ ተበትነው የሚታዩትን ጥቃቅን እብጠቶችና ነጠብጣቦች ነው።

የዚህ ጉድለት አስቸጋሪ ባሕርይ በጥሬ ቆዳው ላይ በግልጽ አለመታየቱ ነው። በጉ በሕይወት ሳለ ጤናማ ይመስላል፤ ሲታረድም ቆዳው ንጹሕ ይመስላል። ጉድለቱ በግልጽ የሚወጣው ቆዳው በኖራ ተነክሮ ጠጉሩ ከተላጠ፣ በጨውና በአሲድ ታክሞ ፒክል ወደሚባለው ደረጃ ከደረሰ በኋላ ነው። እብጠቶቹ ያሉበት ስፍራ ቀለም እኩል ስለማይቀበል ከቆዳው ጥሩ ጓንት ወይም ጃኬት መሥራት ያዳግታል። ስለሆነም ቆዳው ከላይኛው ደረጃ ወደ ታችኛው ይወርዳል ወይም ጨርሶ ይጣላል።

የጉድለቱ ምንጭ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ማይት አይደለም። በዚህ ረገድ በዋናነት ተጠያቂ የሚሆኑት የበግ ቅማልና በደጋው በግ ጠጉር ውስጥ የሚኖረው ክንፍ አልባ የበግ ዝንብ ናቸው። ይህ ዝንብ ቡናማ ቀለም ያለው፣ ጠፍጣፋና በዓይን የሚታይ ሲሆን ዕድሜውን ሙሉ በበጉ ላይ ሆኖ ደም ይመጣል። እንስቷ እንቁላል አትጥልም፤ እጯን በሆዷ አሳድጋ አንድ በአንድ ከጠጉሩ ጋር ታጣብቃለች። በኢትዮጵያና በኒውዚላንድ የተካሄዱ ጥናቶች እንዳመለከቱት የበጉ ሰውነት እነዚህን ተባዮች ለመከላከል ሲቆጣ በቆዳው ውስጥ እብጠቶቹ ይፈጠራሉ። ስለዚህም ጥቂት ተባዮች ብቻ ያሉበት በግ ሳይታመምና ሳይከሳ ቆዳው ብቻ ሊበላሽ ይችላል።

የአርሶ አደሩና የነጋዴው ክርክር መነሻ እዚህ ላይ ነው። አርሶ አደሩ በጉ እከክ የለበትም ሲል የሚያወሳው በማይት የሚመጣውን በሽታ ነው። ነጋዴው እከክ አለበት ሲል የሚፈራው ፋብሪካ ደርሶ የሚገለጠውን የቆዳ ጉድለት ነው። ጉድለቱ በጥሬው ስለማይለይ ነጋዴው ኪሳራውን አስቀድሞ በሁሉም ቆዳ ላይ ያከፋፍለዋል። በመሆኑም በጉን በሚገባ የጠበቀውና ያልጠበቀው አርሶ አደር ተመሳሳይ ዋጋ ይቀበላሉ፤ ይህም እንስሳትን ለማሳከም የሚኖረውን ተነሣሽነት ያዳክማል።

የሚጠፋው ሀብት

በ2013 ዓ.ም የተካሄደው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የናሙና ጥናት የአገሪቱን የዳልጋ ከብት ብዛት ወደ 70 ሚሊዮን፣ በጎችን ወደ 43 ሚሊዮን፣ ፍየሎችን ደግሞ ወደ 52 ሚሊዮን ገምቷል። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ቀጭንና ጠንካራ በመሆኑ ለጓንት ሥራ በዓለም ገበያ ተፈላጊነት ያተረፈ ሲሆን፣ በባቲ ስም የሚታወቀው የፍየል ቆዳም የራሱ መልካም ስም አለው። በ2000 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ጥሬና በከፊል የለፋ ቆዳ ወደ ውጭ ሲላክ ከፍተኛ ቀረጥ እንዲከፈልበት በመደንገግ ፋብሪካዎች እሴት የተጨመረበትን ምርት እንዲልኩ ለማድረግ ተሞክሯል። ይሁንና ያለቀለት ምርት የሚጠይቀው ከሁሉ በላይ ንጹሕ ቆዳ ነው። እብጠት ያለበት ቆዳ የቱንም ያህል ቢለፋ ጉድለቱ አይሰወርም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የጥሬ ቆዳ ዋጋ እጅግ በመውረዱ በበዓል ማግሥት ቆዳ በየሜዳው ተጥሎ ማየት እየተለመደ መጥቷል። ለዋጋው መውደቅ የዓለም ገበያ መቀዛቀዝ፣ የኬሚካል ዋጋ መናርና የሰው ሠራሽ ቆዳ መስፋፋት የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሆኖም በአርሶ አደሩ እጅ ሊስተካከል የሚችለው ክፍል የቆዳው ጥራት ነው። ለዚህም ከአስተራረድና ከጨው አጠቃቀም በፊት የእንስሳው ጤና ይቀድማል።

ቆዳ በጣና አካባቢ ከንግድም ያለፈ ታሪክ አለው። በዳጋ እስጢፋኖስ፣ በክብራን ገብርኤል፣ በጣና ቂርቆስና በሌሎችም ገዳማት ለዘመናት ተጠብቀው የቆዩት የብራና መጻሕፍት የተዘጋጁት ከእንስሳት ቆዳ ነው። ብራና ፋቂው ቆዳውን በመወጠሪያ እንጨት ላይ ወጥሮ ሲፍቅ ጠባሳና ቁስል የነበረበት ስፍራ ይሳሳል፤ አንዳንዴም ይቀደዳል። በጥንታውያን ብራናዎች ላይ ክብ ቀዳዳዎች፣ በዙሪያቸውም በጥንቃቄ የተጻፉ መስመሮች የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። የእንስሳውን ቆዳ ንጽሕና መመርመር እንግዲህ ፋብሪካ ያመጣው አዲስ ነገር አይደለም።

የሰው እከክና የእንስሳት እከክ

የስሙ መደባለቅ ሌላም መዘዝ አለው። በኤልኒኖ ምክንያት በተከሰተው ድርቅ ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በአማራ ክልል የሰው እከክ በወረርሽኝ መልክ ተስፋፍቶ ነበር። በወቅቱ በድርቅ በተጎዱ ወረዳዎች ከ1 ነጥብ 1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተመርምረው ከ370 ሺህ የሚበልጡት፣ ማለትም ከሦስት ሰው አንዱ ያህል በሽታው ተገኝቶባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 እከክን ትኩረት ከሚሹ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ይህ ወረርሽኝ ከሰው ወደ ሰው የተላለፈ እንጂ ከበግና ከፍየል የመጣ አልነበረም። የሰውን እከክ የሚያመጣውና የእንስሳቱን የሚያመጣው ሳርኮፕተስ የቅርብ ዘመዳሞች ቢሆኑም እያንዳንዱ ከለመደው አካል ውጪ በሚገባ አይራባም። እከክ ያለባትን ፍየል የነካ ሰው በእጁና በክንዱ ላይ ሽፍታና ማሳከክ ሊወጣበት ይችላል፤ ነገር ግን ከእንስሳዋ ሲርቅና እንስሳዋም ስትታከም ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። በአንጻሩ በቤተሰብ መካከል ሌሊት የሚብስ ማሳከክ ከታየ ጉዳዩ የጤና ጣቢያ ነው። ለእንስሳት የተዘጋጀ መድኃኒትን ለሰው መስጠት ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ለእያንዳንዱ መንስኤ የሚስማማው ሕክምና

ስሙን ከመንስኤው መለየት የሚያስፈልገው ስለ ቃል ለመከራከር ሳይሆን ሕክምናው ስለሚለያይ ነው። አይቨርመክቲን የተባለው መድኃኒት የተገኘው ሳቶሺ ኦሙራ የተባሉት የጃፓን ሳይንቲስት ከአፈር ከለዩት ባክቴሪያ ሲሆን፣ እርሳቸውና ዊልያም ካምቤል የተባሉት ተመራማሪ ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ይህ መድኃኒት በመርፌ ከቆዳ ሥር ሲሰጥ በደም አማካይነት ሰርስሮ የገባውን ሳርኮፕተስ ይደርስበታል። እንቁላሎቹን ግን አይገድልም። ስለዚህ የተፈለፈሉት ከማደጋቸው በፊት፣ እንደ ተባዩና እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከ7 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ መርፌው መደገም ይኖርበታል። በመጀመሪያው መርፌ ማሳከኩ ሲቀንስ በሽታው ድኗል ብሎ ሁለተኛውን መተው በሽታው እንዲመለስ ያደርገዋል።

ይኸው መርፌ በሌላው የበግ ተባይ፣ ማለትም የቆዳን ገጽ እየቆረጠመ በሚኖረው ቅማል ላይ ግን በቂ ውጤት የለውም፤ ይህ ቅማል ደም ስለማይመጥ መድኃኒቱ አይደርሰውም። ለእርሱ የሚሻለው በጠጉሩ ውስጥ ዘልቆ ቆዳውን የሚያርስ ርጭት ወይም የመድኃኒት ነከራ ነው። በተቃራኒው ርጭቱ በጠጉር ሥር ጉድጓድ የተሸሸገውን ዴሞዴክስ እምብዛም አያገኘውም። ጭርት ከሆነ ደግሞ መርፌውም ርጭቱም ለፈንገስ መድኃኒት አይሆኑም። እንግዲህ ሁሉንም እከክ ብሎ አንድ መርፌ ማስወጋት ገንዘብን ከማባከን በቀር የማይፈይድበት ጊዜ ብዙ ነው።

መንስኤውን ለመለየት የሚደረገው ምርመራ ውስብስብ አይደለም። ባለሙያው ከቁስሉ ዳር ደም እስኪያዝ ድረስ ቆዳውን ፍቆ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ይመለከታል። ቅማልንና የበግ ዝንብን ግን አርሶ አደሩ ራሱ ጠጉሩን ከፍሎ በማየት ሊያገኛቸው ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን የጥቂት በጎችን አንገት፣ ጎንና ብብት ጠጉር ገልጦ መመልከት ወጪ የማይጠይቅ፣ ከፍተኛ ጥቅም ያለው ልማድ ነው።

በየገጠሩ አርሶ አደሩ እንዶድ፣ ብሳና፣ ትምባሆና ሌሎችንም ዕፅዋት ለተባይ መከላከያ ሲጠቀምባቸው ቆይቷል። አንዳንዶቹ ተባይን የመግደል ኃይል እንዳላቸው ቢታወቅም መጠናቸው ካልታወቀ መርዝነት አላቸው። የተቃጠለ የሞተር ዘይትና ነጭ ጋዝ መቀባት ግን ቆዳውን የሚያቃጥል፣ ለእንስሳውም ጤና አደገኛ የሆነ ልማድ በመሆኑ መቆም ይገባዋል።

የርጭት ኬሚካሎች አጠቃቀምም ጥንቃቄ ይሻል። ለበግና ፍየል ተባይ ማጥፊያነት በስፋት ሲያገለግል የቆየው ዲያዚኖን በሰው ቆዳና በትንፋሽ አማካይነት ወደ ሰውነት የሚገባ፣ ለዓሣና ለንብም እጅግ ጎጂ የሆነ መርዝ ነው። የጣና ሐይቅ በሌላ ስፍራ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች መኖሪያ ሲሆን፣ ሐይቁና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ተመዝግበዋል። በመሆኑም የተረጩ እንስሳትን ወዲያው ወደ ሐይቁ ዳርቻ መንዳት፣ የመርጫ መሣሪያን በሐይቁ ወይም በገባር ወንዞች ማጠብ፣ የተረፈውን መድኃኒት ወደ ቦይ መድፋት ዓሣ አስጋሪውን፣ ንብ አናቢውንና ውኃ ቀጂውን የሚጎዳ ተግባር ነው። መድኃኒት የተሰጠው እንስሳ ሥጋና ወተትም በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ የተጻፈው የመታቀቢያ ጊዜ ሳያልፍ ለምግብ መዋል የለበትም።

መፍትሔው የጋራ ነው

በአማራና በሌሎች ክልሎች በ1990ዎቹ ማብቂያ ገደማ የበግና የፍየል የውጭ ጥገኛ ተባዮችን ለመከላከል በርጭትና በመርፌ የታገዘ ዘመቻ ተካሂዶ ነበር። ከእንዲህ ያለው ሥራ የሚገኘው ዋና ትምህርት ተባዩ የአንድን ጓሮ አጥር የማያከብር መሆኑ ነው። አንድ አርሶ አደር የራሱን መንጋ ቢያሳክም፣ የጎረቤቱ ሳይታከም በአንድ ባሕር ሸሽ ላይ ሲሰማሩ በሽታው በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል።

የሌሎች አገሮች ልምድም ይህንኑ ያስረዳል። አውስትራሊያ ዋነኛ የበግ ሀብቷን ሲያመነምን የነበረውን የበግ እከክ እ.ኤ.አ. በ1896 ከምድሯ ያጠፋችው መንጋ ሁሉ እንዲታከምና የታመመው እንዳይንቀሳቀስ በሕግ አስገድዳ ነው፤ ያኔ አይቨርመክቲን ገና አልተገኘም ነበር። ብሪታኒያም እ.ኤ.አ. በ1952 በሽታውን አጥፍታ ነበር። ነገር ግን በ1973 ተመልሶ ገባ፤ በ1992 የግዳጅ ቁጥጥሩ ሲነሣም ይበልጥ ተስፋፋ። ከሁለቱ አገሮች ታሪክ መረዳት የሚቻለው በሽታውን የሚያሸንፈው የመድኃኒቱ ዘመናዊነት ብቻ ሳይሆን የሕዝቡ በአንድነት መንቀሳቀስ መሆኑን ነው።

በጣና ዙሪያም በአንድ ግጦሽ የሚጠቀሙ ጎረቤታሞች ከቀበሌያቸው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ቀን ቆርጠው መንጋቸውን በአንድ ቀን ማሳከም፣ ሁለተኛውንም ዙር በተመሳሳይ ቀን መድገም ይችላሉ። ከገበያ የመጣ በግ ወይም ፍየል ለሁለትና ለሦስት ሳምንታት ለብቻው እንዲቆይ ማድረግ፣ የታመመውን ከጤነኛው መለየት፣ ጋጣን ማጽዳትና በበጋ ማብቂያ ለእንስሳቱ ተጨማሪ መኖ ማዘጋጀት ከአቅም በላይ የሆኑ ሥራዎች አይደሉም። ለእርድ የታሰበ በግ ከበዓሉ ወራት አስቀድሞ ከተባይ ከጸዳ በቆዳው ውስጥ ያሉት እብጠቶች እየከሰሙ ለመዳን ጊዜ ያገኛሉ።

ከቆዳ ነጋዴዎችና ከፋብሪካዎች ደግሞ ቆዳው የመጣበትን ስፍራ መዝግበው፣ በፒክል ደረጃ የታየውን ጥራት ለአካባቢው አርሶ አደርና ለእንስሳት ጤና ባለሙያው መልሰው የሚያሳውቁበት መንገድ ይጠበቃል። የደከመበትን ያህል የተሻለ ዋጋ የሚያገኝ አርሶ አደር በጉን ለማሳከም ቀስቃሽ አያስፈልገውም። ለዚህም የመጀመሪያው እርምጃ እከክ የሚለው ቃል ሲነሣ የትኛው እከክ ብሎ መጠየቅ ነው።